ታይምሼር ያዋጣል? ከሰሜን ሸዋና ከውጭ ካሉ ልጆቿ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ አረርቲ፤ የትም ብትሄዱ ውጭ አገር ሰው ያለው ቤት ብዙ ነው። ልጆቹ ኑሮ ትንሽ ደልደል ሲልላቸው ኦርላንዶ ወይም ላስ ቬጋስ ለሽርሽር ይሄዳሉ። እዚያ የዲዝኒ ቲኬት የመሰለ ስጦታ ይሰጣችኋል ተብለው የታይምሼር ሻጮች «የ90 ደቂቃ ገለጻ» ላይ ይጋበዛሉ። ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ «እማዬ፣ ፍሎሪዳ ቤት ገዛሁ!» እዚህ እልል ይባላል። የተገዛው ግን ቤት ሳይሆን በዓመት አንድ ሳምንት ነው። የሚከተሉት ጥያቄዎች ከሁለቱም ወገን የሚመጡ ናቸው፤ ሊፈርም ካሰበውም፣ ፈርሞ ከተጨነቀውም፣ አገር ቤት ሆኖ ነገሩ ካልገባውም።

ለመሆኑ ታይምሼር ምንድን ነው?

አንድ የመዝናኛ አፓርታማ በጊዜ ተሸንሽኖ ለብዙ ሰው ሲሸጥ ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት አለው። አንዱን ሳምንት ለጥገና ያስቀሩና ሌላውን ይሸጣሉ። ስለዚህ አንዲት ክፍል 51 «ባለቤት» ሊኖራት ይችላል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ላይ ተጀመረ። ከዚያ አሜሪካ ገብቶ ፍሎሪዳ ላይ ገነነ። ዛሬ የማሪዮት፣ የሒልተን፣ የዊንደምና የዲዝኒ ስም ያለበት ትልቅ ንግድ ነው። ሕጋዊ ነው፤ ማጭበርበር አይደለም። ሕጋዊ መሆኑና የሚያዋጣ መሆኑ ግን ለየቅል ነው።

ካርታ አለው? በስሜ ይዞራል?

እንደ ዓይነቱ ነው። አንዱ ዓይነት በእርግጥ ሰነድ አለው፤ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) መዝገብ በስማችሁ ይመዘገባል፣ ይወረሳል፣ ይሸጣል። ሁለተኛው የመጠቀም መብት ብቻ ነው፤ የተወሰነ ዓመት ትጠቀማላችሁ፣ ጊዜው ሲያልቅ ያበቃል። ሦስተኛውና አሁን የበዛው በነጥብ የሚሠራው ነው። በዓመት ይህን ያህል ነጥብ ይሰጣችሁና በነጥቡ ክፍል ትይዛላችሁ። ዲዝኒ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጥብ ይሸጣል፤ ውሎቹም ማብቂያ ዓመት አላቸው። የመጀመሪያዎቹ በ2042 ያልቃሉ።

«ካርታ አለው» ሲባል ልባችን ይሞቃል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ግን ካርታው ከመብቱ ጋር ግዴታም ይዞ ነው የሚመጣው። ክፍሉን ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ዓመታዊው ክፍያ በስማችሁ ይቆጠራል።

እሺ፣ በገንዘብ ሲሰላ ያዋጣል ወይ?

ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። ይህን ያልኩት በስሜት አይደለም፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አሜሪካ ውስጥ ከኩባንያው በቀጥታ የሚገዛ ታይምሼር አማካይ ዋጋው ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። ዓመታዊው የጥገና ክፍያም በአማካይ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ለምሳሌ ያህል 20,000 ዶላር ከፈላችሁ፣ ዓመታዊው 1,200 ነው እንበል። በ10 ዓመት ውስጥ ክፍያው ምንም ሳይጨምር እንኳ 32,000 ዶላር ይወጣል። 10 ሳምንት ማለት 70 ሌሊት ነው። አንዱ ሌሊት 457 ዶላር ገደማ ይመጣል። የአውሮፕላን ቲኬትና ምግብ እዚህ ውስጥ የሉም።

ይህ እንግዲህ ጥሬ ገንዘብ ላለው ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ በሚሰጥ ብድር ነው የሚገዛው፤ የብድሩ ወለድ ደግሞ ከቤት ብድር ጋር አይገናኝም። ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ነው። 2,000 ቅድሚያ ከፍላችሁ 18,000ውን በ15 በመቶ ለ10 ዓመት ብትወስዱ በወር 290 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ። መጨረሻ ላይ ለብድሩ ብቻ የከፈላችሁት 34,800 ይደርሳል። ቅድሚያውንና ዓመታዊውን ስትደምሩበት አንዱ ሌሊት ወደ 700 ዶላር ይጠጋል።

አሁን አንድ ነገር አድርጉ። ስልካችሁን አውጡና ያው መዝናኛ፣ ያው ሳምንት፣ በሆቴል መያዣ ድረ ገጽ ስንት እንደሚከራይ እዩ። ሻጩ ፊት ሆናችሁ እዩት። ካሰላችሁት ዋጋ በታች ከሆነ ጨዋታው አለቀ። ብዙ ጊዜም በታች ነው።

ዓመታዊው ክፍያ ይጨምራል?

አዎ፣ ይጨምራል። ሻጩ ቶሎ የሚያልፈው ነገር ይኼ ነው። ጣሪያ ይጠገናል፣ ኢንሹራንስ ይወደዳል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይጨምራል፤ ሁሉም ከባለቤቶች ኪስ ነው። 1,200 ዶላር በዓመት 5 በመቶ ብቻ ቢጨምር በ10ኛው ዓመት 1,860 ይሆናል። ከዚህ ሌላ «ልዩ መዋጮ» የሚሉት አለ። ፍሎሪዳ ላይ አውሎ ነፋስ ሕንጻውን ከጎዳውና ኢንሹራንሱ ካልሸፈነው ሒሳቡ ለባለቤቶች ይከፋፈላል። እናንተ በዚያ ዓመት እግራችሁ ባይረግጥም።

ባልከፍልስ?

ክሬዲታችሁ (ብድር የመክፈል ታሪካችሁ) ይበላሻል፣ ዕዳ ሰብሳቢ ይደውላል፣ ድርሻውም ሊወረስባችሁ ይችላል። ብድር ቀርቶበት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ክሬዲቱ የተበላሸ ሰው ነገ እውነተኛ ቤት ሊገዛ ሲሄድ ባንኩ ፊቱን ያዞርበታል።

እንደ ኢንቨስትመንት ማየት አይቻልም? ከእቁብ በምን ይለያል?

እቁብ ላይ ተራችሁ ሲደርስ ብሩ ተሰብስቦ እጃችሁ ይገባል። እዚህ ተራችሁ ሲደርስ እጃችሁ የሚገባው የክፍል ቁልፍ ነው። ቁልፉንም ሳምንቱ ሲያልቅ ትመልሳላችሁ።

ኢንቨስትመንት ከተባለ ሲሸጥ ማትረፍ ነበረበት፤ ቢያንስ ዋናውን መመለስ። ኢቤይ ላይ ገብታችሁ ፈልጉ። ሰው በ20,000 ዶላር የገዛውን በ1 ዶላር ሲሸጥ ታያላችሁ። 1 ዶላር ብሎም ገዢ የሚያጣ አለ፤ ገዢው የሚፈራው ዋጋውን ሳይሆን ዓመታዊውን ክፍያ ነው። ከአዲሱ ዋጋ ውስጥ ብዙው ለማስታወቂያ፣ ለስጦታና ለሻጭ ኮሚሽን የወጣ ነው። ያንን ደግሞ ሁለተኛ ገዢ አይከፍልላችሁም።

ታዲያ ማንንም አያዋጣም ማለት ነው?

አይደለም። የሚያዋጣቸው አሉ። አንድ ቦታ የሚወዱ፣ በየዓመቱ ሳያጓድሉ የሚሄዱ፣ ቤተሰባቸው ሰፊ የሆነ፣ ከሌላ ባለቤት በርካሽ የገዙ፣ ብድር የሌለባቸው። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። አንዱ ከጎደለ ሒሳቡ ይዛባል።

አንድ ጥቅም ግን አልክድም፤ ኩሽናውን። የታይምሼር ክፍል ብዙ ጊዜ ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ምድጃና ፍሪጅ አለው። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥቶ ዊልያምስበርግ ወይም ኦሽን ሲቲ ለሚሄድ የእኛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆች፣ አያት፣ ከአገር ቤት የመጣች አክስት፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ጾም ከሆነ ሽሮው እዚያው ይሠራል። ሆቴል ውስጥ ሦስት ክፍል ይዞ በየቀኑ ሬስቶራንት መሄድን ስታስቡት ልዩነቱ ይታያል። ችግሩ ይህን ኩሽና ለማግኘት መግዛት ግድ አለመሆኑ ነው። ያው ክፍል ይከራያል።

ለፋሲካ ወይም ለገና ሳምንት ልያዝ ብልስ?

ለገናው ይሆናል፤ እንዲያውም ደህና ነው። የእኛ ገና በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ነው። ብዙ መዝናኛዎች ላይ 1ኛው ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። የእነሱ ገናና አዲስ ዓመት ያለፈ ስለሆነ እንደ ዲሴምበር መጨረሻው ሳምንት አይወደድም።

ፋሲካ ግን ይዘዋወራል። አንዳንዴ ኤፕሪል መጀመሪያ፣ አንዳንዴ ሜይ ውስጥ ይውላል። አንድ ቋሚ ሳምንት የገዛ ሰው አንዱን ዓመት ሕማማት ላይ፣ ሌላውን ዓመት ገና ዐቢይ ጾም ላይ ያገኘዋል። ሻጩ «የኢስተር ሳምንት ነው» ቢላችሁ የራሱን ማለቱ ነው። በነጥብ የሚሠራው እዚህ ላይ ይሻላል። ነገር ግን ተፈላጊ ቀኖች ላይ ቀድሞ የያዘ ይቀድማል፤ ከዓመት በፊት መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል።

የዓመት ፈቃዴ ሁለት ሳምንት ነው። አገር ቤትም መምጣት እፈልጋለሁ። ይስማማል?

አይስማማም። ሰው ብሩን ሲያሰላ ይህን ይረሳዋል።

ከአሜሪካ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም እንደ ቤተሰቡ ወደ አንኮበር ወይም ወደ መንዝ ለሚሄድ ሰው ሁለት ሳምንት ራሱ አይበቃም። ለቅሶ መድረስ አለ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል መሄድ አለ፣ ሰርግ አለ። ፈቃዱን አጠራቅሞ በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው የዚያን ዓመት የፍሎሪዳ ሳምንቱን ወይ ያባክነዋል፣ ወይ ለሌላ ዓመት ያስተላልፈዋል። ክፍያው ግን አይተላለፍም። እናትና አባቱ አገር ቤት ያሉ ሰው በየዓመቱ አንድ ቦታ እሄዳለሁ ብሎ ባይፈርም ይሻለዋል ባይ ነኝ።

«በዓለም ዙሪያ መቀያየር ይቻላል» ይላሉ። እውነት ነው?

እውነት አለው። አርሲአይ የሚባለው የልውውጥ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቁሟል፤ ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል ደግሞ በ1976። ሳምንታችሁን ትሰጣላችሁ፣ ሌላ ቦታ ትጠይቃላችሁ። ለዚህ የአባልነትና የልውውጥ ክፍያ አለ። የማይፈለግ ወቅት ሰጥታችሁ የጁላይ ሃዋይ ብትጠይቁ አታገኙም። ሰሜን ሸዋ ላይ የሚቀየር ሳምንት አገኛለሁ ብሎም የሚያስብ ካለ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል። ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማየት የፈለገ በቀጥታ ክፍል ይያዝ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ያጣራ።

ልጄ ፍሎሪዳ ታይምሼር ስላላት ቪዛ ይቀለኛል?

አይቀልዎትም፣ እማማ። ቆንስሉ የሚያየው የእርስዎን ኑሮ ነው፤ አገር ቤት የሚመልስዎት ነገር መኖር አለመኖሩን። ታይምሼሩ ማረፊያ ያሳያል እንጂ ቪዛ አያሰጥም። መኖሪያ ፈቃድማ ጨርሶ።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። በቴሌግራም «የዱባይ ድርሻ ግዛ» እየተባልኩ ነው። ልግዛ?

ይቅርባችሁ። ገቢያችሁ ብር፣ ዕዳችሁ ዶላር ሊሆን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ጊዜ 1,000 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ የነበረበት ሰው ዕዳው በብር ሲታይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በዚያ ላይ ሳታዩት፣ በስልክ፣ በማታውቁት ሰው በኩል። ቪዛ ከተከለከላችሁስ? ክፍያው ይቀጥላል።

እዚሁ አገር ሎጅ ላይ «ድርሻ» ቢሸጥልኝስ?

መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን እየገዛችሁ እንደሆነ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ የፍሎሪዳውን ዓይነት የሳምንት ካርታ አትጠብቁ። የሚሸጥላችሁ የኩባንያ አክሲዮን ነው? ወይስ የመጠቀም ውል? ወይስ የአባልነት ካርድ? ሦስቱ በጣም ይለያያሉ። አክሲዮን ከሆነ የኩባንያው መዝገብ ላይ ስማችሁ ይግባ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት ወይም የአላባ (በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም) መብት የሚሰጥ ውል ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 በጽሑፍ እንዲሆንና ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በደረሰኝ ብቻ ብር አትስጡ። ሎጁ ገና ያልተሠራ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሜዳና ባለቀለም ሥዕል ነው የገዛችሁት።

ትናንት ፈርሜ ዛሬ ተጸጸትኩ። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ተነሡ፤ ቀን እየተቆጠረ ነው። ብዙ ቦታ ሕጉ ያለ ምክንያት ውሉን የማፍረስ ጊዜ ይሰጣል። ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ 7 ቀን፣ ኔቫዳ 5 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ይሰጣሉ።

ውሉ ውስጥ ስለ ስረዛ የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው፣ በጥቃቅን ፊደል ነው። «ውሉን ሰርዣለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስም፣ የውል ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ውሉ በሚለው አድራሻና መንገድ፣ ደረሰኝ በሚሰጥ ፖስታ ላኩ። ኮፒውንም ደረሰኙንም አስቀምጡ። ሻጩ ጋ ደውሎ መንገር አይበቃም። ሻጩ «ና እንነጋገር፣ የተሻለ ዋጋ አለ» ይላል፤ እየተነጋገራችሁ ቀኑ ያልፋል።

ጊዜው ካለፈ በኋላስ? እንሸጥልሃለን የሚሉ ይደውላሉ።

ቅድሚያ ገንዘብ ከጠየቁ ዝጉት። «ገዢ ተገኝቷል፣ የግብር 2,000 ዶላር ብቻ ላክ» የሚለው የቆየ ማጭበርበር ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ታይምሼር ያላቸውን አሜሪካውያን የሚያጠምዱት የስልክ አጭበርባሪዎች ከሐሊስኮ የዕፅ ቡድን ጋር የተያያዙ እንደሆኑ የአሜሪካ ግምጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ለባንኮች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንዴ የተጭበረበረ ሰው ጋ ደግሞ «ብርህን እናስመልስልህ» የሚሉ ሁለተኛ ሌቦች ይመጣሉ።

ትክክለኛው መንገድ ኩባንያውን ራሱን መጠየቅ ነው። ብድራችሁ ካለቀና ዓመታዊው ከተከፈለ አንዳንዶቹ መልሰው ይወስዳሉ። ብር አይሰጧችሁም። መገላገሉ ራሱ ትርፍ ነው። ስፔን ውስጥ የገዛችሁ ከሆነ ግን ጠበቃ አማክሩ፤ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተፈረሙ ማብቂያ የሌላቸው ውሎችን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋጋ የላቸውም ብሎ ወስኗል።

አባታችን አሜሪካ አርፎ ታይምሼር ትቶልናል። መውሰድ ግድ ነው?

ግድ አይደለም። ወራሽ አልፈልግም ማለት ይችላል። በጽሑፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ በ9 ወር ውስጥ ያልቃል። እስከዚያ ግን አትጠቀሙበት፣ ዓመታዊውንም በስማችሁ አትክፈሉ፤ ተቀብለዋል ሊባል ይችላል። ጠበቃ ይዛችሁ ጨርሱት።

ስጦታውን ብቻ ተቀብዬ ሳልፈርም መውጣት አልችልም?

ትችላላችሁ፤ የሚያደርጉትም አሉ። ግን ራሳችሁን እወቁ። 90 ደቂቃ የተባለው ሦስትና አራት ሰዓት ይሆናል። መጀመሪያ የሚመጣው ሻጭ ደግ ነው። ቡና ያቀርባል፣ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃል፣ «ኢትዮጵያ ቆንጆ አገር ናት» ይላል። እምቢ ስትሉ አለቃው ይመጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። አሁንም እምቢ ስትሉ ሦስተኛው ይመጣል፣ ዋጋው አሁንም ይወርዳል፣ «ለዛሬ ብቻ» ይባላል። እኛን የሚያስፈርመን ዋጋው አይደለም፣ ይሉኝታችን ነው። ይህን ሁሉ ደክሞልኝ እንዴት ዝም ብዬ እሄዳለሁ እንላለን። ሰውዬው ደመወዙ ነው። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ከመግባታችሁ በፊት «ዛሬ አንፈርምም» ብላችሁ ተስማሙ። ይሉኝታ የሚያሸንፋችሁ ከሆነ ግን የዲዝኒውን ቲኬት በገንዘባችሁ ግዙ።

መሞከር ብቻ ብፈልግስ?

ከባለቤት ተከራዩ። ሬድዊክ የመሳሰሉ ድረ ገጾች ላይ ባለቤቶች የማይጠቀሙበትን ሳምንት ያከራያሉ፤ አንዳንዱ ዓመታዊ ክፍያውን ብቻ ለመመለስ ብሎ። ያው ክፍል፣ ያው ኩሽና፣ ያለ ውል። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት መዝናኛው ጋ ደውላችሁ ክፍሉ በስማችሁ መያዙን አረጋግጡ፤ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ።